የአባቴ ኮፈን

ጎረቤታችን ጋሽ ነስሩ እንደ ጆበርግ ሰው ሁሉ «ቦኔት» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ባለፈው ሳምንት የተገጨች መኪናዬን ላሳይ የተጨራመተ የመኪና ላሜራ የሚያቃኑበት አንድ የባትላሜ ጋራዥ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ የስቱኮ ሽታ ተቀበለኝ፤ ያ ላሜራ የሚሞላበት፣ አፍንጫ ገብቶ እስከ ጉሮሮ የሚወርድ፣ ጣፋጭም መርዝም የሚመስል ሽታ። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ አየና «ቦኔቱ ትንሽ ጠሟል፣ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያየኝ ሰው ሁሉ ይህችን በምታህል ጭረት ታለቅሳለች ብሎ ታዝቦኝ ይሆናል።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወረርሽኙ የገባበት ዓመት። የምንኖረው ትሮይቪል በሚባል የጆበርግ ሰፈር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ንፋስ በመጣ ቁጥር የሚንኳኳ አሮጌ ቤት ነው። ከፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች እኛ፣ ከጓሮ ያለችውን አንዷን ክፍል ጋሽ ነስሩ ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ጀማል ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦ፣ ወተትና የሞባይል ኤርታይም የሚሸጥባት፣ መስኮቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ትንሽ ሱቅ። አገሩ ሲዘጋ የመነገጃ ፐርሚት እስኪመጣ ሱቁም ተዘጋ። አባቴ መብራት ቢጠፋ ይበላሻል ብሎ የፍሪጁን ዕቃ በሙሉ ጭኖ ቤት አመጣው። ከዕቃው መሐል ሁለት ካርቶን አይስክሬም ነበር።

የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እያለ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አባቴ በየዓመቱ «ይሄም ክረምት ነው?» እያለ ይገረም ነበር። የዚያን ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ካፖርት ለብሼ፣ ከንፈሬ እየደነዘዘ አይስክሬም ስልስ ነው የከረምኩት። እናቴ «ደረትሽን ትታመሚያለሽ» ትለኝ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሳልኩም።

ጓሮው ውስጥ ባኪዋ ነበረች። እዚህ አገር ከኋላዋ ክፍት መጫኛ ያላትን ትንሽ መኪና ባኪ ይሏታል። አባቴ የገዛት ከአንድ የሱቁ ደንበኛ ነው። ከአባቴ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጎማዋ አፈር ውስጥ የሰመጠ፣ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት የነበረች ባኪ ናት። እናቴ ያየቻት ቀን «ይሄን ሬሳ ምን ልታደርገው አመጣኸው?» አለችው። እሱ ግን ሳቀ። «ስታልቅ ደርባን ድረስ እወስዳችኋለሁ። የጋቢናዋ ወንበር አንድ ወጥ ነው፣ ሰሚራ መሐላችን ትቀመጣለች» አለ። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ባኪዋን ባየሁ ቁጥር ባሕሩን ነበር የማስበው።

ጋሽ ነስሩ ከአባቴ ጋር ያንድ አገር ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ከወራቤ አካባቢ የመጡ። በእኛ ሰው ዘንድ ጆበርግ መጥቶ ሱቅ ያልከፈተ ሰው እንደ ጉድ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ ጋራዦች የተጨራመተ ላሜራ ሲያቃኑ ኖረው፣ እዚህም መጥተው ያንኑ ቀጠሉ። ጄፒ መንገድ ያሉት የኛ ሰው ነጋዴዎች «ጋሽ ነስሩ ብር አገር መጥተው ብረት ይቀጠቅጣሉ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። መኪናቸው የተገጨ ቀን ግን የሚሮጡት ወደ እሳቸው ነው።

ኩራታቸው ዓይናቸው ነበር። አንዱን ዓይን ጨፍነው የመኪናውን ጎን ቁልቁል ያዩና «እዚህ ጋ ትንሽ ወጥታለች» ይላሉ። የሚጠራጠር ሰው ሜትር አምጥቶ ይለካና አፍሮ ሜትሩን ይጠቀልላል።

ባኪዋ የአንድ መኪና አካል አልነበረችም። አንዱ በሯ የራሷ ነጭ፣ ሌላው ከሌላ ባኪ የተወሰደ ሰማያዊ ነው። የፊት ጎማዎቹን የሚያለብሱት ፓራፋንጎዎች ደግሞ ከሁለት የተለያዩ የወዳደቁ መኪናዎች የመጡ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቅልቅል አንድ መኪና መሥራት ብየዳ ብቻ አይደለም። ችግሩ ክፍተቱ ነው። በበሩና በፓራፋንጎው መሐል ያለችው ቀጭን መስመር ከላይ ሰፍታ ከታች ከጠበበች የፈለገውን ቀለም ቢቀቡት መኪናው የተለጣጠፈ ይመስላል። ጋሽ ነስሩ የሚሄዱት ከኋላ ወደ ፊት ነበር። መጀመሪያ በሮቹን ከጋቢናው ጋር ያስማማሉ፤ ቀጥሎ ፓራፋንጎዎቹን ከበሮቹ ጋር፤ በመጨረሻ የሞተሩን ክዳን ከሁለቱ ፓራፋንጎዎች ጋር። ከፊት የጀመረ ሰው ስህተቱን ሁሉ ወደ ኋላ ገፍቶ ገፍቶ መጨረሻ ላይ በሩ አልዘጋ ይለዋል።

ክፍተቱን የምንለካው በእኔ አይስክሬም ነበር። እሳቸው አንድ ቀን የጣልኩትን እንጨት አንስተው፣ ከሌላ እንጨት ጋር ደርበው፣ በበሩ መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራተቱት። ደስ አላቸው። ሁለት እንጨት ተደርቦ ሳይጨናነቅም ሳይላላም ካለፈ ክፍተቱ ልክ ነው ማለት ነው።

«ሰሚርዬ፣ ጨርሺውና እንጨቱን አምጪ።»

«ጋሼ ዛሬ ሁለት በልቻለሁ።»

«ሥራ ነው እኮ። ሰው ሥራ እንቢ ይላል?»

አሠራራቸው ሁለት ነገር ነበረው፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከሁለቱ ነው የመጣው። አንደኛው፣ ላሜራው እስኪስማማ ድረስ ብሎኑን በጣት ብቻ ያስይዙታል እንጂ በመፍቻ አያጠብቁም። ዝቅ ያለውን ጥግ ከፍ ለማድረግ ከማጠፊያው ሥር ሮንዴላ፣ ያቺን መሐሏ ቀዳዳ ያላት ስስ ክብ ብረት፣ ይከታሉ። ብሎኑን ሳይፈቱ ማስገባት እንዲቻል የሮንዴላውን አንድ ጎን በመጋዝ ቀድደውታል፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይገባል፣ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። ሁለተኛው፣ ልክ መጣ ብለው እንኳ ወዲያው አያጠብቁም። «የደከመ ዓይን ይዋሻል» ይሉና ሄደው ይሰግዳሉ፤ ሲመለሱ በአዲስ ዓይን ካዩት በኋላ ነው መፍቻ የሚያነሡት። ቸኩሎ ስለሚሠራ ሰው ሲያወሩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይወዱ ነበር።

ሁለቱ በሮችና ሁለቱ ፓራፋንጎዎች አልቀው የሞተሩ ክዳን ብቻ ሲቀር አባቴ ማሳል ጀመረ። ፔፐር የምንለው የስደተኛ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ተዘግቷል። ሆስፒታል ብሄድ ወረቀት ይጠይቁኛል ብሎ ሦስት ቀን ቤት ተኛ። በአራተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቆረ። የጎረቤት መኪና መጥታ ሲወጣ እኔን ከመስኮቱ ጀርባ አቆሙኝ። አባቴ ባኪዋ አጠገብ ቆም ብሎ ለጋሽ ነስሩ የሆነ ነገር ሲናገር አየሁ። ሁለቱም ማስክ አድርገው ስለነበር አፋቸውን ማንበብ እንኳ አልቻልኩም። ጋሽ ነስሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩ፤ አይስክሬሜ መሬት ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መግባት ክልክል ሆነ። እናቴ በየጠዋቱ ትደውላለች፤ አንዲት ነርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ትነግራታለች። «ምን አሉሽ?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ «ያው ነው» ነበር። አዋቂዎቹ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ ነገር እንደተደበቀኝ አውቅ ነበር፤ የማላውቀው ምን እንደሆነ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ጋሽ ነስሩ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር ካለ ሰው ጋር በስልክ ያወራሉ። ጆሯቸው ስለሚያስቸግራቸው ድምፃቸው ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው።

«ለጀማል ነው እንጂ ለማን ይሆናል። አዎ፣ ኮፈን ነው ያልኩህ። ጥቁርም ቢሆን ግድ የለም፣ ልኩ ይሁን እንጂ። ቶሎ ላክልኝ፣ ሳይደርስ ማለቅ አለበት። ለከድጃማ አደራ፣ እንዳትሰማ። እሷ አሁን ይሄን የምትሸከምበት ልብ የላትም።»

ከድጃ እናቴ ናት።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋዬ መናገር አለብኝ። ቤት ውስጥ ስልጢኛና አማርኛ ይቀላቀላል፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ዙሉ። በሁሉም ግማሽ ነበርኩ። ሬሳ የሚገባበትን ሳጥን በእንግሊዝኛ «ኮፊን» እንደሚሉት አውቃለሁ። የኛ ሰው ሲሞት ግን በሳጥን ሳይሆን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደሚቀበር፣ ጨርቁም «ከፈን» እንደሚባል አውቃለሁ። የሞተር ክዳን በባትላሜ ሰው አፍ «ኮፈን» እንደሚባል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዚህ ከተማ የዚያ ነገር ስም ቦኔት ነው፤ አባቴም ቦኔት ነበር የሚለው። ስለዚህ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ሊሞት ነው፣ ዕቃውም ታዟል።

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ገባሁ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ በመቀስ ትቆርጣለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለማስክ ነው። ልብሱን ለምን መለስሽው?»

አላመንኳትም። ለማስክ ያን ያህል ጨርቅ ለምን ያስፈልጋል?

በማግስቱ ሁለት ሰዎች በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ነገር ተሸክመው በጓሮው በር ገቡ። ጋሽ ነስሩ አንሶላውን ገለጡት። ጥቁር ነበር። እንደ ክዳን ነው፤ ባኪዋ ላይ ሲያስቀምጡትም የሞተሩን ክፍት ቦታ ሸፈነው። ይህን ላየች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነገሩ መግባት አልነበረበትም? ገብቶኝ ነበር፤ ግን ጠማማ ሆኖ ነው የገባኝ። ቀረብ ብዬ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮፈን ነዋ።»

«የማን?»

«የአባትሽ ነዋ ሰሚርዬ፣ የማን ሊሆን ነው?» አሉኝና ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቤቱ ጠቁመው «ለእማ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? እሱ የገጠመ ቀን ሁሉም ነገር ያልቃል» አሉ።

ያንን ፈገግታ ለብዙ ቀን ጠልቼዋለሁ። በጭንቅላቴ ነገሩን እንዲህ አሰናዳሁት። በዚያ ሰሞን የሬሳ መኪና እንደጠፋ፣ ሰው ሬሳውን ይዞ ወረፋ እንደሚጠብቅ ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ባኪዋ ደርባን መሄዷ ቀርቷል፤ አባቴን ልትሸከም ነው። ቦኔት የሚባለው የደህና መኪና ክዳን ነው። መኪና ሬሳ ሊጭን ሲል ግን ጥቁር ይደረግለታል፣ ስሙም ይለወጣል። እሱ የገጠመ ቀን ሁሉም ነገር ያልቃል። እንግዲህ እንዳይገጥም ማድረግ ነው።

ጋሽ ነስሩ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሊሰግዱ ክፍላቸው ሲገቡ ኮፈኑ ልክ መጥቶ ነበር። ሁለቱን እንጨት በግራም በቀኝም ሲያንሸራትቱ አይቻለሁ። በሩ ሲዘጋ ሄጄ ከግራው ማጠፊያ ሥር አንድ ሮንዴላ ሳብኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ተመልሰው መጥተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀና አሉ። እንደገና ጨፈኑ። እንጨቱን ከፊት ሲከቱት አልገባ አለ፤ የግራው ጥግ ከፓራፋንጎው በታች ሰምጧል። «እንዴ፣ ሦስት ከትቼ አልነበረም?» አሉ ለራሳቸው። ሌላ ሮንዴላ ቀድደው ከተቱና ማስተካከል ጀመሩ። ለዐስር ሶላት ሲሄዱ እኔ ሌላ ወሰድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደወለች። «ያው ነው» አለችኝ። ከዚያ በፊት «ያው ነው» ሲሉኝ አለቅስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ። ሠርቷል ማለት ነው። ኮፈኑ እስካልገጠመ አባቴ አይሞትም።

እንደዚህ አራት ቀን ሄደ። አንዳንዴ ከግራ፣ አንዳንዴ ከቀኝ አወጣለሁ። ጋሽ ነስሩ ተለወጡ። ቀልዱ ቀረ። ዓይናቸውን በውኃ ያጥባሉ፣ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ የከተቱትን ሮንዴላ ብዛት በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፉና የጻፉትን ተጠራጥረው ይሰርዙታል። አንድ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሲያዩ አገኘኋቸው። አሳዘኑኝ፤ አልዋሽም። ግን አባቴና እሳቸው ሚዛን ላይ ሲቀመጡ የኔ ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለ ግልጽ ነው። ካልሲዬ ስሄድ ይንሿሿ ስለነበር በጣቴ ጫፍ መራመድ ለመድኩ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የተሰጣው አንሶላ ጀርባ ቆሜ ሳለሁ የጋሽ ነስሩ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት። አባቴ ነበር። ድምፁ ቀጥኗል፤ ቃል ከቃል መሐል አየር ይፈልጋል።

«ጋሼ... ኮፈኑ ገጠመ?»

«ዛሬ፣ ኢንሻአላህ ዛሬ። አንተ እንዴት ነህ?»

«ከሰዓት... ሊያስተኙኝ ነው። በማሽን። ከዚያ በፊት ፎቶ ላኩልኝ። ልየው።»

«እልክልሃለሁ። በርታ ብቻ።»

«ሰሚራ አለች?»

ጋሽ ነስሩ ዞር ዞር አሉ። «ቤት ናት መሰለኝ፣ ልጥራት?»

«ይተዋት... እንዲህ ሆኜ አትስማኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አንሶላው ፊቴ ላይ ይርገበገባል። አባቴ ራሱ ያውቃል ብዬ አሰብኩ። የራሱን ኮፈን ገጠመ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተስፋ ቆርጧል፤ አንድ ሰው እንኳ ተስፋ ሳይቆርጥ መቅረት አለበት፣ እሱም እኔ ነኝ። ጋሽ ነስሩ ያን ቀን እንደ እብድ ሠሩ። ለዙህር ሲገቡ ሁለቱ እንጨቶች በሁለቱም በኩል ያልፉ ነበር። እኔ ከግራም ከቀኝም ያገኘሁትን ሮንዴላ በሙሉ ጎትቼ አወጣሁ።

ሰግደው ሲመለሱ ኮፈኑ ሞተሩ ላይ ተጋድሟል። የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በኋላ ተነሥተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እኔ ልፈትናቸው ፈልጌ «ጋሼ፣ እንዲሁ ለምን አይልኩለትም?» አልኳቸው።

«ጠማማውን? አባትሽ አይቶ እንዳላየ ይሆንልኛል። እሱ ነው የሚከፋኝ» አሉ፣ እጃቸው ሳያርፍ።

ፀሐይ ወደ ግድግዳው ጥግ ስትሸሽ ስልካቸውን አነሡና ደወሉ። አይነሣም። እንደገና ደወሉ። ያልተገጣጠመውን ኮፈን በእጃቸው ነካ አድርገው «አልደረስኩም» አሉ።

አባቴ ከዚያ እንቅልፍ አልነቃም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ደውላ «ያው ነው» ሳትለኝ ቀረች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በነጭ ጨርቅ የሰፋቻቸውን ማስኮች አንድ በአንድ ማጣጠፍ ጀመረች። እውነትም ማስክ ነበሩ። ወንዶቹ ሄደው ቀበሩት። አላጠቡትም፣ አልተፈቀደም፤ በላስቲክ ከረጢት ተዘግቶ ነው የመጣው፣ ከፈኑንም ከላዩ ነው የጣሉለት። የወሰደው የማናውቀው ነጭ መኪና ነው። ባኪዋ ከጓሮው ንቅንቅ አላለችም።

እኔ የተሰማኝ መጀመሪያ ሐዘን አልነበረም፤ መታለል ነበር። ኮፈኑ አልገጠመም እኮ። የኔን ድርሻ ተወጥቻለሁ። ታዲያ እንዴት ሞተ?

ከሳምንት በኋላ ጓሮ ስወጣ ጋሽ ነስሩ መዶሻዎቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም። ለአንድ ልጅ ልሰጣቸው ነው። ዓይን የሌለው ባትላሜ በመዶሻ ምን ይሠራል? አባትሽ ሲወጣ ‘ጋሼ፣ አደራ፣ ስመለስ አልቃ ልያት’ ነበር ያለኝ። ፎቶዋን እንኳ ማድረስ አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ዓይን በአምስት ቀን ከዳኝ።»

በመስኮቱ ያየሁት፣ በማስክ የተሸፈነው ንግግር ይህ ነበር። ስመለስ አልቃ ልያት። ተቀምጬ ካልሲዬን አወለቅኩና ሮንዴላዎቹን መሬቱ ላይ አፈሰስኳቸው። የቀሩትን ከአልጋዬ ሥር ሮጬ አመጣሁ። አሥራ አራት ነበሩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ነጩን ጨርቅ፣ ኮፊኑን፣ ከፈኑን።

ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ አንሥተው መዳፋቸው ላይ ቆጠሩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ።

«ዓይኔ አልከዳኝም ማለት ነው» አሉ። ከዚያም አለቀሱ፤ በማስካቸው ውስጥ። ከደስታ ይሁን ከሐዘን ዛሬም አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሲረጋጉ «ኮፈን ማለት ቦኔት ነው ልጄ» አሉኝ። «ጣልያን ጥሎልን የሄደው ስም ነው፣ በጋራዥ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ያኛው ከፈን ነው። እኔ አንዱን ስል አንቺ ሌላውን ሰማሽ። ከእናትሽ የደበቅኩትም ባሏ ታሞ ለመኪና ዕቃ ብር ወጣ ብላ እንዳትከፋ ነው።»

መዶሻዎቹን ከጨርቁ ፈቱ። ሮንዴላዎቹን እኔ እያቀበልኩ እሳቸው ከተቱ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሁለት። ሁለቱን እንጨት ለእኔ ሰጡኝ። በግራ አንሸራተትኩ፣ አለፈ። በቀኝ አንሸራተትኩ፣ አለፈ። ያን ቀን ሄደው ሰግደው መጡ፤ እኔ ባኪዋ አጠገብ ቆሜ ምንም ሳልነካ ጠበቅኳቸው። በአዲስ ዓይን አዩት። መፍቻውን አነሡና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁ።

ከዚያ ፎቶ አነሡ። የሚያደርጉትን አውቀው ያደረጉት ይመስለኛል፤ ወደ አባቴ ቁጥር ላኩት። ከቤት ውስጥ፣ ሆስፒታሉ ከመለሰልን በኋላ እናቴ የተቀዳ ድምፁን ለመስማት ሁልጊዜ ቻርጅ ታደርገው ከነበረው ከአባቴ ስልክ፣ የመልእክት ድምፅ ተሰማ።

እናቴ ስልኩን እንደያዘች በሩ ላይ ወጣች። ፎቶውን አየች፣ ባኪዋን አየች። ለጋሽ ነስሩ ድምፅ አንሥታ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«የጻፈልዎትን ስልኩ ላይ አይቻለሁ። ፎቶ ላኩልኝ ብሎ ሲለምንዎት አልገጠመም። ዛሬ እንዴት ገጠመ?»

ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ አልዞሩም። መፍቻውን ኪሳቸው ከተቱና ጎንበስ አሉላት።

«ዓይኔ ከድቶኝ ነበር ከድጃ» አሉ። «ሸምግያለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ «አውፍ ብያለሁ» ብላ ገባች። እኔ ሁለቱን እንጨቶች ይዤ ቆሜ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም።